ድንበሩ ሳይገጥም የተጻፈ ስም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ደሳለኝ ከሁሉ በፊት ያሳዩኝ መስኮቱን ነው። «ይህን መስኮት እንዳትከፍቺው። ነፋሱ የሰው ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ማን ተጠያቂ ሊሆን ነው?» አሉኝ። ቀጥለው ኮምፒውተሩን አሳዩኝ። ከኪቦርዱ ላይ አንዱ ፊደል ወልቆ በምትኩ የካፖርት ቁልፍ ተለጥፎበታል። ሳቄ አመለጠኝ። «አትሳቂ፣ ይሠራል» አሉ ኮስተር ብለው። ጋሽ ደሳለኝ ስለማንኛውም ነገር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ይሠራል ወይስ አይሠራም፣ በቃ።

ቤቱ ንፋስ መውጫ ከገበያው በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የኮምፒውተር ቤት ነው። ማመልከቻ ይተየባል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሳል። እኔ የተቀጠርኩት ግን ለሌላ ሥራ ነበር። ጋሽ ደሳለኝ የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ ጽሑፍ ተቀብለው፣ ለያይተው፣ በየስሙ ወረቀት አድርገው ሊያወጡ ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተዋውለዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ሥራውን ጀምሮ ትቶት ሄዷል። የተወልኝ ነገር ቢኖር ግማሽ ገጽ ኮድና ጆሮው የተሰበረ ስኒ ነው።

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ መካነ ኢየሱስ ተወልጄ እዚያው ያደግኩ። ስሜ ፈንታነሽ ነው። ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፤ እውነቱን ልናገርና አብዛኛው ትምህርት ወረቀት ላይ ነበር። ፈተናውን አልፌያለሁ። ሰው የሚጠብቀው ፕሮግራም ግን ጽፌ አላውቅም። ያን ዕለት ጋሽ ደሳለኝ «ትችያለሽ?» ሲሉኝ «እችላለሁ» ያለው አፌ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ገጠር ውስጥ ሽማግሌዎች ድንበር ይለያሉ፣ የለዩት በእጅ ይጻፋል፣ ያ ወረቀት አርብ ገበያ ከተማ ላለችው ጸሐፊ ይደርሳል። ጸሐፊዋ በስልኳ ትተይብና በኔትወርክ ትልክልናለች። የእኔ ፕሮግራም ያንን ጽሑፍ እያነበበ ባለይዞታውን በአንድ ሳጥን፣ የማሳውን ስም በአንድ ሳጥን፣ በአራቱ አቅጣጫ የሚያዋስኑትን ደግሞ በየሳጥናቸው ይከታል። በሙያችን ፓርሰር እንለዋለን። ለእናቴ ሳስረዳት «ጤፍ ከእንክርዳድ መልቀም ነዋ» አለችኝ። ሌላ የተሻለ ማብራሪያ ስላልነበረኝ «ነው» አልኳት።

መጀመሪያ የሠራሁት ፋይል ላይ ነው። ጸሐፊዋ ለመሞከሪያ የላከችልኝን ጥቂት ወረቀት በአንድ ፋይል አስቀምጬ ፕሮግራሙ ሙሉውን እንዲያነብ አደረግኩ። ፋይል ደግ ነው። ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፤ ወደ ኋላ ብትመለሱ እዚያው ነው፤ ደጋግማችሁ ብታነቡት አይሰለቸውም። ሁሉም በየሳጥኑ ገባ። ጋሽ ደሳለኝ «ይሠራል?» አሉ። «ይሠራል!» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣው ሁሉ «ኢንጂነራችን ናት» እያሉ ያስተዋውቁኝ ጀመር። ምን ልበላችሁ፣ ደስ ብሎኛል።

ጽሑፉ በኔትወርክ እየፈሰሰ መምጣት ሲጀምር ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። የሚፈስ ጽሑፍ አይጠብቅም። ፊደል በፊደል ይመጣል፤ ኔትወርኩ ሲፈልግ ይቆማል፣ ሲፈልግ ይለቀዋል። አንድ ፊደል ከወሰዳችሁ ወሰዳችሁ፤ መልሳችሁ ብትፈልጉት የለም። አሁን «ገብረ» የሚል ቃል መጣ እንበል። ሰውዬው ገብረ ነው ወይስ ገብረ ሥላሴ? የሚቀጥለው ሳይታይ አይታወቅም። ለማየት ደግሞ መውሰድ ነበረብኝ። የወሰድኩት ፊደል የሌላ ሳጥን ሆኖ ሲገኝ እጄ ላይ ይቀራል፣ ያኛው ሳጥን አያገኘውም።

በሳምንቱ ጌታሁን «ታሁን»፣ ወርቁ ደግሞ «ርቁ» ሆነው ወጡ። አንድ ሰውዬ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «የስሜን አናት ማን ቆረጠው?» አለኝ። ሁለት ቀን ፈዝዤ ዋልኩ። በመጨረሻ ማየትና መውሰድ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች መሆን እንዳለባቸው ገባኝ። «እይ» ስለው የሚመጣውን ፊደል ያሳየኛል፣ አይነካውም። «ውሰድ» ስለው ብቻ ይወስዳል። ጽሑፉን የሚቀበለው ክፍልና የሚያነበው ክፍል የሚነጋገሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች እነዚህ ናቸው። ኢንተርፌስ ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ «ምን ምን ልጠይቅህ?» ብሎ አስቀድሞ መስማማት ነው።

ወረቀቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከባለይዞታው ስም ይጀምራል፣ ሌላው ከማሳው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ስምንት ዘጠኝ ቃል ከተነበበ በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ መገመት ነበረበት። «ከሰው ስም የሚጀምረው ይሆናል» ብሎ ያነባል፤ ካልሆነለት ወደ መነሻው ተመልሶ በሌላ ግምት እንደገና ያነባል። ሁለቱም ካልሆኑለት በሦስተኛ ግምት፣ ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ «ባለይዞታ»፣ «ማሳ» የሚሉትን ቃላት ብቻ ተከትሎ ያነባል። ለዚህ ብዬ ሁለት ትእዛዝ ጨመርኩ፣ «ምልክት አድርግ» እና «ተመለስ» የሚሉ። ምልክት ከተደረገበት ጀምሮ የመጣው ጽሑፍ አይጣልም፤ ኮምፒውተሩ ይዞት ይቆያል።

መቼ በዚህ ያበቃና! ከመነሻው ተመለስ ስለው ከመሃል ይመለሳል። አንድ ጊዜ ልክ፣ አንድ ጊዜ ስሕተት። ያው ጽሑፍ፣ ያው ፕሮግራም። እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው ያበደው እስክል ድረስ ግራ ገባኝ። ጋሽ ደሳለኝ ከኋላዬ ቆመው «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አሉኝ።

«አንዳንዴ ይሠራል» አልኳቸው።

«አንዳንዴ የሚሠራ መኪና ላይ ትሳፈሪያለሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉኝ እስቲ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ትልቅ ሰው ላይ መጮኼ እስካሁን ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን ሻይ አዘዙልኝ።

ችግሩ ምልክቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነበር። ወረቀቱን የሚገምተው ክፍል መነሻው ላይ ምልክት ያደርጋል። ውስጥ ያለው ስም አንባቢ ደግሞ «ገብረ ነው ወይስ ገብረ ሥላሴ» ለማለት የራሱን ምልክት ያደርጋል። የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ የሚያነቡ ቄስ በየንባቡ ሌላ ሌላ እልባት እንደሚያስገቡ ትዝ አለኝና ለእያንዳንዱ ምልክት የራሱን ቁጥር ሰጠሁት። «ተመለስ» ሲባል ወደየትኛው እንደሆነ ይነገረዋል። ይህኛው ተስተካከለ።

ተስተካከለ ስል ኮምፒውተሩ መታፈን ጀመረ። ጠዋት ይሮጣል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይንቀራፈፋል፣ ከምሳ በኋላ ቀጥ ይላል። ጋሽ ደሳለኝ አቧራ ነው ብለው እየከፈቱ እፍ ይሉበታል። አቧራ አልነበረም። ያደረግኩትን ምልክት አላነሳሁም፤ ስላላነሳሁ ከጠዋት ጀምሮ የመጣው ጽሑፍ ሁሉ «ምናልባት ትመለሺበት ይሆናል» ተብሎ ተከምሯል። «ምልክቱን አንሳ» የሚል አምስተኛ ትእዛዝ ጨመርኩ። ግምቱ ሲረጋገጥ ምልክቱ ይነሳል፣ ከኋላ የቀረው ጽሑፍ ይጣላል። ኮምፒውተሩ ተነፈሰ፣ እኔም ተነፈስኩ። አለቀ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

በግንቦት መጀመሪያ የታች ጋይንት ወረዳ የአንድ ቀበሌ ወረቀት ታትሞ አርብ ገበያ ላይ በገበያው ቀን ለባለቤቶቹ ታደለ። በሳምንቱ አንዲት መነኩሴ ከሚኒባስ ወርደው እየጠየቁ ቤታችን መጡ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ቆባቸው በመንገዱ አቧራ ግራጫ ሆኗል። ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው እንደ ሕፃን በሁለት እጅ አቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ይህ ወረቀት የማን ነው?» አሉኝ።

አነበብኩት። «ባለይዞታ አቶ ታረቀኝ ይላል፣ እማሆይ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ማሳው የኔ ነው፤ ባሌ ከሞተ ጀምሮ በስሜ የኖረ። ታረቀኝ እኩል አራሼ ነው። በሬው የሱ፣ መሬቱ የኔ፣ ምርቱ እኩል። በምሥራቅም የሚያዋስነኝ እሱ ነው። አሁን ወረቀቱን ሲያነቡለት ‹ይኸው የኔ ሆነ፣ ሰኔ ላይ ገብሱን ለራሴ እዘራለሁ› አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወረቀቱ አሳሳተው። ከሰኔ በፊት አስተካክይልኝ። ሌላ የምበላበት የለኝም።»

«ዛሬውኑ አየዋለሁ፣ እማሆይ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ለጸሐፊዋ ደውዬ የእማሆይን ጽሑፍ ከእጅ ወረቀቱ እንደገና አስተይቤ አስላክሁ። በፕሮግራሙ አሳለፍኩት። ስክሪኑ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? ባለይዞታ፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ። ጥርት ብሎ። ወረቀቱን አተምኩት። ባለይዞታ፣ አቶ ታረቀኝ።

ደገምኩት። ስክሪኑ እማሆይ፣ ወረቀቱ ታረቀኝ። ሦስተኛ ደገምኩት። ያው ነው። እማሆይ ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ያዩኛል። ፊቴን ማሳየት አፈርኩ። ፕሪንተሩን ነቅዬ ሰካሁት፤ እንደ ሞኝ። ጸሐፊዋን «ምን ቀላቅለሽ ነው የላክሽው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«እኔ ሽማግሌዎቹ ያሉትን ነው የጻፍኩት። ምን አደረግኩሽ?» አለች።

ጽሑፉን ዐይኔን አፍጥጬ አየሁት። «በምሥራቅ ታረቀኝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ፈፋ፣ በደቡብ የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ ማሳው ወይራ ሥር፣ ባለይዞታ እማሆይ ወለተ ሥላሴ» ይላል። «እንዴ፣ የባለቤት ስም መጨረሻ ላይ ይጻፋል?» ስላት «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ እናንተ እስቴዎች ትቸኩላላችሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ይህ አጻጻፍ አዲስ ቢሆንብኝም ፕሮግራሙ በሦስተኛ ግምቱ አንብቦታል፤ ስክሪኑ ላይ አየሁት እኮ! ከመነሻው ተመልሷል፣ ልክ አንብቧል። ታዲያ ወረቀቱ ከየት አምጥቶ ነው ታረቀኝ የሚለው? እማሆይን በሚኒባስ ሸኝቼ ስመለስ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሦስት ቀን አንድ መስመር ሳልጽፍ ዋልኩ። የተረዳሁት ሁሉ ያልተረዳሁት መሰለኝ። «እይ» እና «ውሰድ»ን ሳይቀር እንደገና ጠረጠርኳቸው።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ደሳለኝ ኮምፒውተሩን በእጃቸው አጠፉት። «ሴትዮዋ መሬት ላይ ነው ያሉት። ሂጂና መሬቱን እዪ። እዚህ አፍጥጠሽ ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፕሮግራም ነው የተበላሸው፤ ማሳ ምን ይነግረኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አይሠራም አይደል? ሂጂ።»

እስከ አርብ ገበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ሄድኩ። ጫማዬ የከተማ ጫማ ነበር፤ የደረሰብኝን እናንተው ገምቱ። ስደርስ እማሆይ፣ ታረቀኝና አምስት ሽማግሌዎች ማሳው ማዕዘን ላይ ተሰብስበዋል። እማሆይ አቤት ብለው ድንበሩ እንደገና ሊዞር ነው። የሽማግሌዎቹ ዋና አያ ምስጋናው የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። የሽማግሌዎቹን ቃል በእጅ የሚጽፉት የደብሩ ቄስ፣ ቄስ አምባዬ፣ ወረቀት ይዘዋል፤ እስክሪብቷቸው ግን ጥምጣማቸው ላይ ተሰክቷል።

ታረቀኝ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ማን እንደሆንኩ ሲነግሩት «እህቴ፣ እኔ መቼ ጻፍኩት?» አለኝ። «ወረቀቱ የኔን ስም ሲጠራ፣ ማን ነኝና አይደለሁም የምለው?»

መዞር ጀመሩ። አያ ምስጋናው ከመነሻው ማዕዘን ላይ የጽድ ዝንጣፊ አኖሩ። «በምሥራቅ ታረቀኝ። ተስማማችሁ?» «ተስማምተናል።» ሁለተኛው ማዕዘን ላይ ሌላ ዝንጣፊ። እንዲህ እያሉ ሦስተኛውን አልፈው ፈፋው ጋ ሲደርሱ ተጣሉ። አንዱ ሽማግሌ ድንበሩ አሁን ውሃው የሚወርድበት ነው አሉ፤ ሌላው የለም፣ ድሮ የሚወርድበት ነው አሉ። ድምፅ ከፍ አለ። አያ ምስጋናው በትራቸውን መሬት መትተው «ተመለሱ!» አሉ። ሁሉም ዞረው ሦስተኛው ዝንጣፊ ድረስ ተመለሱ። ወደ መጀመሪያው አይደለም፤ የተስማሙበት የመጨረሻው ማዕዘን ድረስ ብቻ። ከዚያ በድሮው ፈፋ በኩል እንደገና ተራመዱ።

በፀሐዩ ደክሞኝ ከቄስ አምባዬ ጎን ቆሜ ነበር። «አባ፣ እስካሁን የተስማሙበትን አይጽፉትም እንዴ? ኋላ እንዳይረሳ» አልኳቸው።

«ምኑን ልጻፍ?»

«በምሥራቅ ታረቀኝ ያሉትን።»

«ገና አልገጠመማ፣ ልጄ። ድንበሩ ዞሮ ከተነሳበት ማዕዘን ሳይገጥም እስክሪብቶ አይነሳም። አሁን እንኳ አላየሽም ሲመለሱ? ጽፌው ቢሆን ኖሮ፣ ሰዎቹ ሲመለሱ ወረቀቱም አብሯቸው ሊመለስ ነው?»

«የባለይዞታው ስምስ?»

«እሱማ መጨረሻ ነው። የትኛው መሬት እንደሆነ ሳይታወቅ የማን ነው ይባላል እንዴ?» አሉና በእኔ ሳቁ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ፕሮግራሜ ሲገምት እየጻፈ ነበር የሚገምተው! እኛ እስቴ መጀመሪያ «በምሥራቅ በኩል» ብለን ጎጡን እንጠቅስና ወዲያው የባለይዞታውን ስም እንጠራለን። እኔም አገሬ እንደለመድኩት፣ የአቅጣጫ ቃል ካለ ዝለልና የመጀመሪያውን የሰው ስም ባለይዞታ በለው ብዬ አዝዤዋለሁ። በመጀመሪያው ግምት ታረቀኝን ባለይዞታ ብሎ ሳጥኑ ውስጥ ጻፈው። ቀጥሎ ግምቱ ሲበላሽበት ወደ መነሻው ተመለሰ፤ ንባቡ ተመለሰ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ስም ግን አልተመለሰም። ኔትወርኩ አንዳንዴ ሁለቴ ስለሚልክ «በሞላ ሳጥን ላይ አትጻፍ» ብዬ ያዘዝኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ የእማሆይ ስም ሲመጣ ሳጥኑ ሞልቶ ጠበቀው። ስክሪኑ የሚያሳየኝ የተነበበውን ነው፤ ፕሪንተሩ የሚያትመው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን።

«አመመሽ እንዴ?» አለኝ ታረቀኝ ጎንበስ ብሎ። ውሃ በቅል አቀበለኝ።

ዙሩ ሲገጥም ቄስ አምባዬ እስክሪብቷቸውን ከጥምጣማቸው አወጡ። ከመጻፋቸው በፊት ተነስቼ ተናገርኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የእማሆይን ጽሑፍ የላከችው ልጅ ልክ ነች፣ እናንተም ልክ ናችሁ። የታረቀኝን ስም ያለ ቦታው ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ምስጋናው «ደግ፣ ታወቀ» አሉ። ታረቀኝ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። በሰው ፊት መሬት እንደወሰደ ሆኖ መታየቱ ገባው መሰለኝ። «እንግዲህ እግሬን እዚህ ማሳ ላይ አላሳርፍም። አዲሱ ወረቀት ይውጣና ሌላ አራሽ ይፈልጉ» ብሎ በሬዎቹን ወደ ቤቱ ነዳ።

«ሌላ አራሽ ይገኛል?» ብዬ እማሆይን ጠየቅኳቸው።

«ወረቀቱ ሳይወጣ ማን ደፍሮ ይገባል? የታረቀኝ ስም ያለበት ማሳ አርሶ ነገ ቢከሰስስ? አንቺ ቶሎ በይልኝ እንጂ» አሉ።

ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ አንድ ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር። ማስተካከያው ሲታሰብ ትንሽ ነው። «ሞክር» የሚል ትእዛዝ ሠራሁ። በሙከራ ጊዜ የሚነበበው ሁሉ በምልክት ይያዛል፤ የሚጻፈውም ሁሉ ሳጥን ውስጥ ሳይገባ በእጅ ይያዛል። ሙከራው ከከሸፈ ሁለቱም አብረው ይመለሳሉ። ዙሩ ከገጠመ ብቻ ስሙ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ ምልክቱም ይነሳል። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን፣ ትክክል መሆኑን ለማመን ደግሞ አራት ቀን ወሰደብኝ። እንደ በፊቱ «ይሠራል» ብሎ ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ።

ከዚያ ሌላው ጉድ መጣ። የቀበሌው መዝገብ በሙሉ ነው የሚታተመው፤ የእማሆይን ብቻ ነጥሎ ማውጣት መሬት ጽሕፈት ቤቱ አይፈቅድም ተባልኩ። እሺ፣ ሁሉንም እንደገና ላንብብ አልኩ። ከየት? ጽሑፉ የለማ! ኮምፒውተሩ እንዳይታፈን ብዬ ምልክት በተነሳ ቁጥር የመጣውን ጽሑፍ ስጥል ኖሬያለሁ። አንድም ቅጂ አላስቀረሁም። ያቺ የኮራሁባት አምስተኛዋ ትእዛዝ ሁሉንም አጥፍታዋለች። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ።

አርብ ገበያ ሄጄ ጸሐፊዋ እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ጮኸሽብኛል እኮ» አለች።

«ጮኼብሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ከላክሁ በኋላ ስልኬ ላይ አላስቀርም። ከመጀመሪያው እንደገና ልተይብ?»

«አዎ። እኔም አግዝሻለሁ።»

ስልኬን አውጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩና ስንተይብ ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። በመስኮት ገበሬው በሬውን እየነዳ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ትየባዬን አፈጥናለሁ። ጋሽ ደሳለኝ በስልክ «ደረሰ?» ይሉኛል። «አልደረሰም» እላለሁ። እሳቸውም «ይሠራል ወይ» ማለቱን ትተውልኛል።

ወረቀቱ የወጣው በሐምሌ ነው። በገበያው ቀን አርብ ገበያ መሃል ድንኳን ሥር ቆሜ እኔው አደልኩ። በየወረቀቱ ስሙን እያነበብኩ፣ ሰውየውን «እርስዎ ነዎት? ማሳዎ ይኸ ነው?» እያልኩ። ሌሎች ሰባት ሰዎችም የጎረቤት ስም ይዘው ኖረዋል፤ እንደ እማሆይ መጥተው ስላልነገሩኝ አላወቅኩም ነበር።

እማሆይ ተራቸው ደርሶ መጡ። «ባለይዞታ፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ስመው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«አራሽ ተገኘ፣ እማሆይ?» አልኳቸው።

«አሁንማ ሁሉም ዘርቶ ጨረሰ። ማሳው ጦም አድሯል።»

ስለ ፕሮግራሙ ማውራት ጀመርኩ፤ ግራ ሲገባኝ አመሌ ነው። አሁን ሲሳሳት ወደ ኋላ መመለስ እንደሚችል፣ የጻፈውንም እንደሚመልስ፣ ስሕተቱም እንደማይደገም ነገርኳቸው። እማሆይ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ወደ ኋላ መመለስ ይችላል አልሽኝ?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው ሰኔን ይመልስልኝ» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ፈገግ ብለው ነው ያሉት። መቁጠሪያቸውን ይዘው በጭቃው መሃል ወደ መንገዳቸው ሄዱ።

ያን ዓመት እማሆይ የኖሩት ዘመድ ቤት ነው። በዓመቱ ታረቀኝን አያ ምስጋናው አስታርቀውት ማሳውን አረሰው፤ ይህን የሰማሁት ከጸሐፊዋ ነው፤ አሁን ጓደኛዬ ናት። እኔ በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ሠራሁ። ብዙ ፓርሰር ጻፍኩ፣ አሁንም ስጽፍ ግራ ይገባኛል። ኪቦርዱ ተቀይሯል፣ የካፖርቱ ቁልፍ ግን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ለሙያ ጓደኞቼ የምነግራችሁ ይህን ነው። የሚፈስ ጽሑፍ ስታነቡ ማየትን ከመውሰድ ለዩ፤ ለየምልክቱ የራሱን ቁጥር ስጡ፤ ምልክቱን ማንሳት አትርሱ፤ የመጣውን ጽሑፍ ቅጂ አስቀሩ። ግምቱ ሳይገጥም ደግሞ የሰው ስም አትጻፉ።